ሳምንት አንድ ማታ ከልጆች ጋር፦ ቃሉንም ጨዋታውንም አንድ ላይ

ልጆቼን እንዴት አድርጌ የእግዚአብሔርን ቃል ላስለምዳቸው እያለ የሚጨነቅ ወላጅ ብዙ ስለማውቅ እኛ ቤት የምናደርገውን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት እንደዛው ነበርኩ። ማታ ማታ ሁሉንም ሰብስቤ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አነብላቸዋለሁ፣ ከዛ አብራራለሁ፣ ከዛ ደግሞ ረጅም ጸሎት፣ ትንሹ ከተቁነጠነጠ እቆጣለሁ፣ ትልቋ ዝም ብላ ወለሉን ታያለች። አንድ ቀን «ኑ ልንጸልይ ነው» ብዬ ስጣራ ትልቋ ለወንድሟ ቀስ ብላ «በቃ ጨዋታው አለቀ» ስትለው ሰማኋት። ያቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋ አለች። ለካ የሠራሁላቸው ቤት የእግዚአብሔር ስም ሲነሳ ጨዋታ የሚያልቅበት ቤት ነው።

ከዛ በኋላ ነው ዘካርያስ 8 ላይ አይኔ ያረፈው። እግዚአብሔር ፈርሳ የነበረችውን ኢየሩሳሌምን መልሼ አቀናታለሁ ሲል ምልክት አድርጎ ከሰጣቸው ነገሮች ሁለቱን ቁጥር 4 እና 5 ላይ ታገኛላችሁ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አደባባይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ደግሞ እዛው አደባባይ ሲጫወቱ። የሚጫወት ልጅ የእግዚአብሔር ተስፋ ውስጥ አለ ማለት ነው እኮ! እና ጨዋታውን አስቁሜ ቃሉን ማምጣቴን ትቼ ቃሉ ውስጥ ያለውን ጨዋታ መፈለግ ጀመርኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ምረጡ፣ ሁሉም ሰው ቤት የሚገኝበትንና ማንም በጣም ያልደከመበትን። ጠቅላላው ከ40 ደቂቃ አይለፍ፣ ንባቡ ደግሞ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፣ 10 ወይ 15 ቁጥር ይበቃል። ማሳጠሩ ላይ ጠንከር በሉ ምክንያቱም ወላጅ ነገሩ ሲጥመው የመጨመር ፈተና አለበት፣ ልጆቹ ገና «ይጨመር» እያሉ ነው መቆም ያለበት። ሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር መስኮት ላይ ተቀምጦ የነበረው አውጤኪስ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛ ደርብ ወደቀ አይደል፣ ሞቶ አነሱት፣ ጳውሎስ ወርዶ አቀፈውና በሕይወት ተገኘ። ልጆቼ ይሄን ታሪክ በጣም ነው የሚወዱት፣ እኔ ደግሞ ላርዝመው ስል እሱን አስታውሳለሁ። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ የወላጅም ጭምር። የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ቢቀመጥም ልጆቹ አይናቸው እሱ ላይ እንደሆነ ስላየሁ ነው ይሄን የምለው።

ታሪክ ስትመርጡ ሰውነት የሚሠራበት ነገር ያለውን ፈልጉ፣ የሚለካ፣ የሚፈለግ፣ የሚንኳኳ፣ የሚዞር። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ሞልቷል፣ እኛ ነን ትምህርቱን ብቻ ለማውጣት ስንቸኩል የምናልፈው።

ከሁሉ ይበልጥ የሠራልንን ላሳያችሁ፣ ጎልያድን። 1ኛ ሳሙኤል 17 ቁጥር 4 ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነበር ይላል። ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነው፣ ወደ 45 ሳንቲሜትር፣ ስንዝር ደግሞ የእሱ ግማሽ። ልጆቹ ራሳቸው ሲደምሩት ወደ 2 ሜትር ከ90 መጣ። ግድግዳ ላይ ሊለኩት ሞከሩ ኮርኒሱ ጋ ደርሶ አልበቃ አላቸው፣ ስለዚህ ወለሉ ላይ በወፍራም ክር ዘረጉት፣ ሶፋውን ገፍተን ነው የበቃው። ከዛ ትንሹ ሄዶ ከክሩ ጎን በጀርባው ተጋደመ፣ ራሱን ከክሩ ጫፍ አስተካክሎ፣ እግሩ የጎልያድ ሆድ ጋ እንኳን አልደረሰም። ቀና ብሎ «ዳዊት ይሄን አይቶ ነው የሮጠው?» አለኝ። አዎ፣ ቁጥር 48 ወደ እሱ ሮጠ ነው የሚለው። እኔ ይሄን ታሪክ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ያቺን «ሮጠ» የምትለዋን ቃል ያየኋት ያን ቀን ነው። (በነገራችን ላይ አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች አራት ክንድ ከስንዝር ይላሉ፣ ያ ወደ 2 ሜትር ነው፣ ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ሁለቱንም ክር ዘርጉና አወያዩአቸው፣ መጽሐፉ በእጅ እየተገለበጠ እንዴት እንደደረሰን ለማውራት ጥሩ በር ይከፍታል።)

እዛው ምዕራፍ ላይ ሌላም ጨዋታ አለ። ንጉሡ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ ለዳዊት ሲያለብሰው ዳዊት ይሄን ለብሼ መሄድ አልችልም ብሎ አወለቀው። ባለቤቴ ወፍራሙን ካፖርቱን አምጥቶ ትንሹን አለበሰውና በል ሂድ አለው፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጠርዙን ረገጠና ተቀመጠ፣ ሁላችንም ሳቅን እሱም ሳቀ። ከዛ ትልቋ ዝም ብላ ቆየችና «እኔም ትምህርት ቤት እንደሌሎቹ ለመሆን ስሞክር እንደዚህ ነው የሚከብደኝ» አለች። ያን ያህል ጊዜ ቁጭ አድርጌ ሳስተምራት አንድ ቀን እንኳን ስለራሷ ነግራኝ አታውቅም ነበር። እኔም ምንም ትምህርት አልጨመርኩበትም፣ ሄጄ አቀፍኳት በቃ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስላችሁ። ሉቃስ 15 ላይ ያለችው ሴት ከአሥር ድሪም (የብር ገንዘብ ነው) አንዱ ሲጠፋባት መብራት አብርታ ቤት ጠርጋ ትፈልጋለች፣ መብራት አጥፍታችሁ አንድ ሳንቲም ደብቁና በባትሪ ያስፈልጓቸው፣ ሲገኝ ግን ጨዋታው አያልቅም፣ ሴትየዋ ጎረቤት ጠርታ ደስ ይበላችሁ እንዳለችው ያገኘው ልጅ ሁሉንም ጠርቶ ማስደሰት አለበት። ኢያሱ 6 ላይ እስራኤላውያን የኢያሪኮን ከተማ ስድስት ቀን አንድ አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ ነው የዞሩት፣ ሲደመር 13 ነው፣ መሪያቸው ኢያሱ ደግሞ ጩኹ እስክላችሁ ድምፃችሁ አይሰማ ብሎ አዟቸዋል፣ የሶፋ ትራስ ከምራችሁ 13 ጊዜ ያለ ድምፅ አዙሯቸውና መጨረሻ ላይ ይጩኹ፣ ዝም ብሎ መታዘዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ከማንም ስብከት በላይ ይገባቸዋል። ሐዋርያት ሥራ 12 ላይ ጴጥሮስ ከእስር ወጥቶ በር ሲያንኳኳ ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን አውቃ ከደስታዋ የተነሳ ሳትከፍትለት ተመልሳ ሮጠች፣ ውስጥ ያሉት ስለ እሱ እየጸለዩ ነበር ግን አላመኗትም፣ አንዱን ልጅ ውጪ አስቁማችሁ ይሄን ተውኑት። ሜዳ ካገኛችሁ ደግሞ የኖኅን መርከብ በእርምጃ ለኩ፣ 300 ክንድ ርዝመት ማለት ወደ 135 ሜትር ነው፣ በአዋቂ እርምጃ 180 አካባቢ፣ ልጆቹ ሄደው ሄደው ዞር ሲሉ እናንተ ትንሽ ሆናችሁ ትታዩአቸዋላችሁ።

ከጨዋታው በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ አንድ። «ምን ተማራችሁ?» አትበሉ እባካችሁ፣ ያ የፈተና ጥያቄ ነው፣ ልጆች ደግሞ እናታቸው የምትፈልገውን መልስ ያውቃሉ፣ እሱን ብለው ይገላገላሉ። «አንተ እዛ ብትኖር የት ጋ ትቆም ነበር?» በሉ፣ ወይም «ከሰዎቹ ማን አሳዘነሽ?»። ትንሹ አንዴ ያሳዘነኝ ሳኦል ነው አለ፣ ለምን ስለው «ንጉሥ ሆኖ ፈርቶ ተቀምጧል እኮ» አለ፣ እኔ ስለ ሳኦል ፍርሃት አስቤ አላውቅም ነበር። የማትመልሱት ጥያቄ ሲመጣ (ይመጣል፣ እግዚአብሔር ለምን ፈቀደ የሚለው አይቀርም) አላውቅም በሉ፣ ወረቀት ላይ ጻፉትና አብራችሁ ፈልጉ፣ የሚያውቅ ሰውም ጠይቁ። የፈጠራችሁት መልስ ልጁ ሲያድግ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ ደግሞ እውነተኛውንም አብሮ ይዞት ሊወድቅ ይችላል።

ጨዋታው ልጅ ከልጅ የሚወዳደርበት ባይሆን ይመረጣል፣ የተሸነፈው አልቅሶ ቢተኛ ያ ማታ የሱ ትዝታ ምን ሆነ? እኛ ሁላችንም አንድ ቡድን ሆነን ከሰዓት ጋር ነው የምንወዳደረው። ጎረምሳ የሆነ ልጅ አልጫወትም ካለ አታስገድዱት፣ ኤፌሶን 6 ቁጥር 4 አባቶች ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል፣ ለእናትም ይሠራል። ሥራ ስጡት፣ ሰዓት ያዥ፣ አንባቢ፣ ወይም ታሪኩን መራጭ ይሁን። አንድ የማውቀው ልጅ ለሁለት ወር ሰዓት ብቻ ይዞ ዳር ሲቀመጥ ከርሞ አንድ ቀን በራሱ ተነስቶ ጎልያድን ልሁን አለ።

ጸሎቱ ደግሞ ሁሉም በየተራ አንድ ያስደሰተውንና አንድ የከፋውን ይናገራል፣ ከዛ ጎኑ ያለው ሰው ስለ እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጸልያል። መናገር ያልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል፣ ማንም ለምን አይለውም። የከፋውን ማስገባታችሁን አትርሱ፣ ቤት ውስጥ ደስታ ብቻ የሚነገር ከሆነ ልጁ ያዘነ ቀን ወዴት ይሂድ? መዝሙር 13 ራሱ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስድስት ቁጥር ነው፣ እስኪያልቅ ወደ ዝማሬ ይዞራል።

አሁን ደግሞ ለእኔ ከባዱን ልንገራችሁ። ያን ቀን ልጃችሁ ላይ ጮኻችሁ ከሆነ ማታውን በጨዋታ አትጀምሩት። ማቴዎስ 5 ቁጥር 23 እና 24 መባህን መሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል፣ ወንድም የሚለው ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅም አለበት። ትንሹ አንድ ቀን ወረቀቶቼ ላይ ውሃ ደፋብኝና ከልክ በላይ ጮህኩበት፣ ማታ ሲመጣ ጥግ ላይ ነው የተቀመጠው። አጠገቡ ወለል ላይ ተቀምጬ «ውሃው ሳታስበው ነው የፈሰሰው፣ እኔ ግን እንደዛ መጮህ አልነበረብኝም፣ ይቅር በለኝ» አልኩት፣ «ግን አንተም» የሚል ሳልጨምርበት። ትንሽ አየኝና «እሺ፣ ዛሬ ማንን ነው የምንሆነው?» አለኝ። የዛን ቀን ያነበብነውን አላስታውሰውም።

እና ይሄን ማታ ቅጣትና ሽልማት አታድርጉት፣ «ካልታዘዛችሁ ዛሬ ጨዋታ የለም» ካላችሁ ቃሉም አብሮ ነው የሚቀረው። ጥቅስም ዱላ አይሁን፣ የተጫወቱበትን ታሪክ በማግስቱ መገሰጫ ካደረጋችሁባቸው ሁለተኛ ልባቸውን አይከፍቱላችሁም።

ብቻችሁን የምታሳድጉም ብትሆኑ ይሄ አይቀርባችሁም፣ ሁለት ሰው ይበቃል፣ አያቶች ካሉ ደግሞ እሰየው፣ ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲያወራ መጀመሪያ የጠራው አያቱን ነው ቀጥሎ እናቱን።

ሳምንቱ ተበላሽቶ ሁሉም ደክሞ ከሆነስ? መዝሙር 117ን አልጋ ላይ አንብቡላቸው፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 116 ነው፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ነች፣ ግንባራቸውን ስማችሁ መብራት አጥፉ። ዘዳግም 6 ቁጥር 7 ቤትህ ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሳ ተናገር ነው የሚለው፣ የተለየ ሰዓት አልወሰነም፣ ስለዚህ የቀረ ማታ አያስጨንቃችሁ፣ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ መንገድ ላይ አለላችሁ።

የእኛ ቤት የዚህ ሳምንት ተረኛ ትንሹ ነው፣ ዮናስን መርጧል። ትልቁ ብርድ ልብስ ዓሣው ነው፣ ማን ዮናስ እንደሚሆን ገና አልነገረንም፣ ግን ዛሬ ጠዋት አባቱን በአይኑ ሲለካው አይቼዋለሁ።