የኮምፒውተር መከታተያ መተግበሪያ ባዶ ምስል ሲያመጣ መንስኤው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መሆኑን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

የሥራ ሰዓት የሚመዘግቡና በየደቂቃዎቹ የስክሪን ምስል የሚያነሱ መተግበሪያዎች አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ምስል፣ የዴስክቶፑን የጀርባ ምስል ብቻ፣ ወይም ኪቦርዱ ለሰዓታት አልተነካም የሚል ዘገባ ያመጣሉ። ይህን የተመለከተ ኃላፊ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ውሏል ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ሆኖም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ራሱ መተግበሪያው ስክሪኑን እንዳያይ ከልክሎት ሊሆን ስለሚችል፣ የሰው እንጀራ በሚወሰንበት መዝገብ ላይ ከመፍረድ በፊት ማጣራት ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ ሠራተኛው ባለበት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስምና የስሪት ቁጥር ይመዝግቡ። በማክ የአፕል ምልክቱን ተጭኖ «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን በመምረጥ፣ በዊንዶውስና በኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ደግሞ በሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም» ከዚያም «አባውት» የሚለውን በመክፈት ይገኛል፤ በኡቡንቱ 22.04 «አባውት» በቀጥታ በሴቲንግስ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ማክ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከተባለው የማክ ስሪት ጀምሮ ማንኛውም መተግበሪያ የሌሎችን መስኮቶች ምስል ለማንሳት የተጠቃሚውን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱ ከሌለ የሚነሳው ምስል የዴስክቶፑን ጀርባ እንጂ የተከፈተውን ሥራ አያሳይም። ስለዚህ «ሲስተም ሴቲንግስ»ን ከፍተው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ይግቡ፤ «ስክሪን ሪከርዲንግ» የሚለውን (ሴኮያ በተባለው የማክ ስሪት «ስክሪን ኤንድ ሲስተም ኦዲዮ ሪከርዲንግ» ይባላል) መርጠው የመተግበሪያውን ማብሪያ ያብሩ፤ ከዚያም መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። የኪቦርድ እንቅስቃሴ የሚቆጥር ከሆነ «ኢንፑት ሞኒተሪንግ» የሚለውንም ይመልከቱ። ማብሪያው በርቶ እያለ ምስሉ አሁንም ባዶ ከሆነ፣ መተግበሪያውን ከዝርዝሩ በመቀነስ ምልክቱ አውጥተው መልሰው ያስገቡት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሴኮያ ደግሞ አንድ ጊዜ የተሰጠውን ፈቃድ ተጠቃሚው እንዲያድስ በየጊዜው ይጠይቃል፤ ለሳምንታት በደንብ ሲሠራ የቆየ መተግበሪያ በድንገት ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው። የድርጅቱ የአይቲ ክፍል ማኮቹን ከርቀት የሚያስተዳድር ቢሆንም የስክሪን ቀረጻ ፈቃዱን በተጠቃሚው ፋንታ ሊሰጥ አይችልም። የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ጊዜ የቁልፍ ምቶች አለመመዝገባቸውም ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነው፤ በእኔ እምነት ተገቢ ጥበቃ ነውና ለማለፍ መሞከር አይገባም።

በዊንዶውስ ክልከላው ጠበብ ያለ ነው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈተ ፕሮግራም ላይ የሚጻፈውን፣ በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን የሚሠራ መከታተያ ሊቆጥረው አይችልም። ይህን ለመፈተን ኖትፓድን በተለመደው መንገድ ከፍተው ጥቂት መስመር ይጻፉ፤ እዚያ ተቆጥሮ በሌላኛው ፕሮግራም ላይ ካልተቆጠረ መንስኤው ታውቋል። ከመቀረጽ የተጠበቁ ፊልሞችና መስኮቶችም በምስሉ ላይ ጥቁር ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

በኡቡንቱ «አባውት» ውስጥ ባለው የሲስተም ዝርዝር «ዊንዶዊንግ ሲስተም» የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ መስኮቶችን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ሥርዓት ኤክስ 11 ወይም ዌይላንድ መሆኑን ይነግርዎታል። በአሮጌው ኤክስ 11 ማንኛውም ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ማየት ይችል ነበር፤ ዌይላንድ ግን ለደኅንነት ሲባል ይህን በር ዘግቶታል። በ22.04 ስሪት ከአካውንቱ ወጥተው ስምዎን ከነኩ በኋላ፣ ከታች በስተቀኝ ያለውን ባለ ጥርስ መንኮራኩር የሚመስል ምልክት ተጭነው «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ» (Ubuntu on Xorg) የሚለውን በመምረጥ በኤክስ 11 መግባት ይቻላል። ይህ ግን ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ከ25.10 ጀምሮ ምርጫው ስለተነሳ፣ የተጠቃሚውን ፈቃድ ጠይቆ በዌይላንድ የሚቀርጽ ስሪት መኖሩን የመተግበሪያውን አዘጋጅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር ከሠራተኛው ጋር ሆነው የአሥር ደቂቃ ሙከራ ያድርጉ፤ ብሮውዘርና ሰነድ ከፍታችሁ ጥቂት ከጻፋችሁ በኋላ የተመዘገበውን ከተሠራው ጋር አስተያዩ። መንስኤው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መሆኑ በተረጋገጠባቸው ቀናት በመዝገቡ ላይ «ሥራ አልተሠራም» ሳይሆን «መረጃ አልተገኘም» ብለው ይጻፉ፤ የደመወዝ ስሌቱም በዚሁ መሠረት ይስተካከል።