የኤሲ ኢቫፖሬተር ኮይል፦ ከመግዛት በፊት የሚፈተሸው፣ ሲገዙ የሚለካው (ለኮምቦልቻና ለደሴ)

ኤሲው ጋዝ ጎደለው ተብሎ ተሞላ፤ ከሁለት ወር በኋላ መልሶ ሞቀ። ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ ስለ ኢቫፖሬተሩ ኮይል፣ ማለትም በውስጡ ዩኒት ጋዙ እያለፈ አየሩን ስለሚያቀዘቅዝበት ባለ ስስ ክንፍ የቱቦ ጥቅል ነው፦ «ኮይሉ ተበስቷል፣ ይቀየር»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የተዘጋ ፊልተር፣ የላላ ነት ወይም የደከመ ፋን ሆኖ ይገኛል፤ አዲስ ኮይል ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም አያድንም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ምልክቱን ከሥሩ ይከተሉ። እዚህ የምንጽፈው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ የውስጥና የውጭ ዩኒት ስላለው ኤሲ ነው።

ምልክት፦ አየር ይወጣል፣ ግን አይቀዘቅዝም

ፊልተሩን አጥበው ያድርቁ። ከዚያ ኤሲውን በ18 ዲግሪና በከፍተኛ ፋን ለ15 ደቂቃ አስነስተው በቴርሞሜትር ሁለት ቦታ ይለኩ፤ አየር ከላይ የሚገባበትንና ከታች የሚወጣበትን። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ክፍሉ ካልቀዘቀዘ ችግሩ ከኤሲው አቅም፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው ወይም ከተከፈተ መስኮት ነው።

ልዩነቱ ከ14 በላይ ሆኖ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ ኮይሉ አየር አጥቷል። የኮይሉን ጀርባና ሲሊንደር የሚመስለውን ፋን በባትሪ መብራት ይዩ፤ በጋ ላይ የመንገድ አቧራ ከእርጥበት ጋር ተቦክቶ የፋኑን ምላስ ሁሉ ይሞላል። ፋኑ ንጹህ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ቮልቴጁን ይለኩ፤ 220 መሆን ሲገባው ከ200 በታች ከወረደ ፋኑም ኮምፕሬሰሩም (በውጭው ዩኒት ጋዙን የሚያምቀው ሞተር) ይደክማሉ። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ የፋኑን ካፓሲተር (ሞተሩ እንዲዞር የሚረዳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ይለኩ። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ማይክሮፋራድ ነው፤ ከተጻፈበት ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ይቀይሩት። ከኮይል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

አየሩ በኃይል እየወጣ ልዩነቱ ከ6 በታች ከሆነ ግን ወይ ጋዝ ጎድሏል፣ ወይ የውጭው ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮይል) ቆሽሿል፣ ወይ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። እዚህ ላይ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ያስፈልጋል። ኤሲው ኢንቨርተር (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት ራሱ የሚለዋውጥ) ከሆነ ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር ስለሚለዋወጥ በሙከራ ሁነታ ሳያስነሱ ንባቡን አይመኑት።

ምልክት፦ ኮይሉ በረዶ ይሠራል

በረዶው ከየት እንደጀመረ ይመልከቱ። ጋዝ የጎደለው ኮይል መጀመሪያ የሚነጣው ፈሳሹ በሚገባበት በኩል ነው፤ ቀጭኑ ቱቦና አጠገቡ ያሉት ጥቂት መስመሮች በረዶ ለብሰው የቀረው ኮይል ደረቅ ይሆናል። አየር ያጣ ኮይል ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ይነጣል፣ ወፍራሙ ቱቦም ውርጭ ይይዛል። ይህን ልዩነት ፎቶ ያንሱት፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ማስረጃው የለም። በረዶውን በፋን ብቻ ያቅልጡት። በካቻቢቴ የሚፈቀፈቅ በረዶ ብዙ ኮይል አስበስቷል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባህር ጠለል አየር በስድስተኛ ያህል ይቀላል፤ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ከአምስተኛ በላይ ይቀላል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ ኮይሉን የሚያሞቀው የአየር ክብደት ግን ያነሰ ነው። ቆላ ላይ ችግር የማይፈጥር በመጠኑ የቆሸሸ ፊልተር እዚህ ኮይሉን ወደ በረዶ ይገፋዋል።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የኮምፒውተር ሰርቨር ወይም የላቦራቶሪ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ እንዲቀዘቅዝ ሲደረግ ውጭው ከ18 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ተራ ኤሲ ለዚህ አልተሠራም፤ ኮንደንሰሩ ከመጠን በላይ ስለሚቀዘቅዝ የጋዙ ግፊት ይወድቃል፣ ኮይሉም በረዶ ይሠራል። ቀን ላይ ሲፈተሽ ምንም የለበትም። መፍትሔው የውጭውን ፋን ፍጥነት እንደ ግፊቱ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ መግጠም ነው። ኮይል ቢቀየር በረዶው በማግስቱ ይመለሳል።

ምልክት፦ ውሃ ወደ ክፍሉ ይንጠባጠባል

ይህ የኮይል ብልሽት አይደለም ማለት ይቻላል። የፍሳሽ ቱቦው በአቧራና በዝላግ ተዘግቷል፣ ወይም ዩኒቱ ወደ ቱቦው ተቃራኒ አዘንብሏል። አንድ ሊትር ውሃ መቀበያው ላይ ቀስ ብለው ያፍሱና ውጭ መውጣቱን ይዩ።

ምልክት፦ ጋዙ ተሞልቶ ይጎድላል

ኤሲ ጋዝ አይበላም። ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይገኝ በየጊዜው መሙላት በጥቂት ዙር የኮይሉን ዋጋ ይጨርሳል።

ፍለጋው ከርካሹ ይጀምር። በመጀመሪያ በውስጥም በውጭም ያሉትን አራት የፍሌር ነቶች (ቱቦውን ከዩኒቶቹ ጋር የሚያያይዙትን) በወፍራም የሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ ዘይት የጠጣ አቧራ የተለጠፈበት ቦታ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ የጋዝ መሙያውን ቫልቭ እምብርትና ክዳኑን ይዩ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ኮይሉ ለብቻው ይፈተን።

ጋዙን ወደ ውጭው ዩኒት ለመሰብሰብ በማቀዝቀዝ ላይ እያለ በውጭው ዩኒት ላይ የቀጭኑን ቱቦ ቫልቭ ይዝጉ፣ ጌጁ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የወፍራሙን ዘግተው ወዲያው ያጥፉ። ከዜሮ በታች አያውርዱት። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ኮምፕሬሰሩ አየር ስቦ ከዘይቱ ጋር ሲያምቀው ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጋዙ በማውጫ ማሽን ወደ ሲሊንደር ይሰብሰብ።

ከዚያ የውስጡን ዩኒት ከቱቦው ፈትተው አንዱን ጫፍ በነት ይድፈኑ፣ በሌላው ናይትሮጅን ያስገቡ። የጋዙ ዓይነት አር-410ኤ ወይም አር-32 ለሆነ ኮይል 300 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ አር-22 ለሆነ ኮይል 200 ይበቃል፤ ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የግፊት ጣሪያ ግን አይለፉ። ኦክስጅን አይታሰብም፤ ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። 24 ሰዓት ይጠብቁ። ሲያነቡ ሙቀቱን ይመዝግቡ፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ 300 የነበረው ያለ ምንም ቀዳዳ በ10 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ማታ በ28 ዲግሪ ሞልተው ጠዋት በ16 ዲግሪ 288 ቢያነቡ ኮይሉ ጤነኛ ነው። 250 ካነበቡ ተበስቷል። ቦታውን ለማየት ኮይሉን አውጥተው ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋው ጣቱን ይቀስራል።

ለምን ተበሳ?

ይህን ሳይጠይቁ አዲስ መግጠም አዲሱንም መስዋዕት ማድረግ ነው። ሦስት ምክንያቶች ይበዛሉ። አንደኛው በረኪና ነው። ኮይል በበረኪና ሲታጠብ ክሎሪኑ መዳቡንም አሉሚኒየሙንም ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላል። ማጠቢያው ውሃና ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ብቻ ይሁን። ሁለተኛው የአሲድ ትነት ነው፤ የአቼቶ፣ የአዲስ ቀለም፣ የአዲስ ቺፕውድ ሙጫ ትነት ከኮይሉ እርጥበት ጋር ተቀላቅሎ መዳቡን በዓይን በማይታዩ ጠመዝማዛ ዋሻዎች ይሰረስረዋል። ባለሙያዎች የጉንዳን ጎጆ ዝገት የሚሉት ይህን ነው። አንድ ቀዳዳ ሲደፈን በሳምንቱ ሌላው ይከፈታል። ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ በደንብ ያልታሰረ ቱቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ ይሳሳል። አዲስ የታደሰ ክፍል ከሆነ አዲሱን ኮይል ከማስነሳትዎ በፊት መስኮት ከፍተው ለቀናት ያናፍሱት።

ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከክንፎቹ ውጭ በሚታየው የመዳብ ክርን ላይ ከሆነና ምክንያቱ መፋተግ ወይም ግጭት ከሆነ ይበየድ። ብየዳው ከ5 እስከ 15 በመቶ የብር ማዕድን ባለው የብየዳ ዘንግ ይሁን፤ በብየዳው ጊዜ በቱቦው ውስጥ ቀጭን የናይትሮጅን ፍሰት ይኑር፣ አለበለዚያ ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ሠርቶ ካፒላሪውን (ፈሳሹን እየመጠነ የሚያሳልፈውን በጣም ቀጭን ቱቦ) ይዘጋል። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣና መስኮት ሳይከፈት እሳት አይቅረብ፤ ጋዙ በእሳት ሲነካ መርዝ ይሆናል። ቀዳዳው በክንፎቹ መሃል ከሆነ፣ ብዙ ከሆነ ወይም ቱቦው አሉሚኒየም ከሆነ ብየዳ የገንዘብ ብክነት ነው። ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ከጋዝ ጋር አስገቡ የሚልዎት ካለ እምቢ ይበሉ፤ ካፒላሪ ይዘጋል፣ የባለሙያውንም ጌጅ ያበላሻል።

ርካሹን ኮይል መምረጥ

በመጀመሪያ የዚያው ሞዴል ሙሉ የውስጥ ዩኒት ዋጋ ይጠይቁ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ኤሲ ኮይል ለብቻው ብዙ ጊዜ ስለማይሸጥ ሙሉ ዩኒቱ ከአዲስ ኮይል ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ አለ፤ ፋኑና ሞተሩም አዲስ ይሆናሉ። ካልተገኘ በመለያ ቁጥሩ የሚመጣ ኮይል፣ ቀጥሎ በመጠን የሚመሳሰል፣ በመጨረሻ ያገለገለ።

ሻጭ ጋ ከመደወልዎ በፊት ከአሮጌው ላይ ይለኩ፦

- የክንፎቹ ርዝመትና ቁመት በሚሊሜትር፣ ስንት ቦታ እንደታጠፈ
- የቱቦው ረድፍና ብዛት፣ ውፍረቱ (5፣ 7 ወይም 9.52 ሚሊሜትር)
- ፈሳሹ ስንት መንገድ ተከፍሎ እንደሚገባ
- የጫፎቹ መጠን፦ 9,000 እና 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ብዙውን ጊዜ 1/4 እና 3/8 ኢንች፣ 18,000 ደግሞ 1/4 እና 1/2
- ጫፎቹ የሚወጡበት ጎንና የሙቀት ሴንሰሩ ማስገቢያ

የቱቦው ብዛት እኩል ሆኖ መንገዱ ከተለየ ኮይሉ ይገጥማል፣ ግን ግማሹ ብቻ ይቀዘቅዛል። «12,000 ነው» የሚል ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። አነስ ያለ ኮይል አይግዙ፤ የ9,000 ኮይል በ12,000 ውጭ ዩኒት ላይ በረዶ ይሠራል፣ ፈሳሽ ጋዝም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመልሳል። በእኛ ቀላል አየር ይህ ይብሳል። በአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ኤሲዎች ካፒላሪው ወይም የኤሌክትሮኒክ ቫልቩ በውጭው ዩኒት ስለሆነ ከኮይሉ ጋር አይፈልጉት።

ለአር-22 የተሠራ ኮይል በአር-410ኤ ወይም በአር-32 ማሽን ላይ አይገጠምም። የእነዚህ ግፊት በ60 በመቶ ያህል ይበልጣል፣ ዘይቱም የተለየ ነው። መዳብ ነው የተባለውን ክርን በቢላ ጫፍ በስሱ ይፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። የክንፎቹ ሰማያዊ ቀለም ለጥራት ዋስትና አይሆንም። አዲስ ኮይል በናይትሮጅን ታሽጎ ይመጣል፤ ክዳኑ ሲላላ «ፅስስ» ካላለ ይመልሱት። ከአዲስ አበባ ሲያስመጡ በጣውላ መሃል ያስሩት፤ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ተጭኖበት የመጣ ኮይል ክንፉ ተደፍጥጦ ነው የሚደርሰው።

ያገለገለ ከሆነ ጫፉን ያሽትቱ። የተቃጠለ ሽታና ጥቁር ዘይት ካለው ኮምፕሬሰሩ ከተቃጠለ ማሽን የወጣ ነው፣ በውስጡ አሲድ አለ፤ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት። ንጹህ ከሆነም ሻጩ ፊት በናይትሮጅን ሳይፈተን አይከፈል።

ማሽኑ የአር-22 ከሆነና ኮይል፣ ጋዝና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከአዲስ ሙሉ ኤሲ ግማሽ ካለፈ በእኛ ግምት መጠገኑ አያዋጣም።

ሲገጠም

ፍሌሩ (ነቱ የሚይዘው የተስፋፋው የመዳብ ጫፍ) አዲስ ይቆረጥ፣ ጫፉ ላይ የማሽኑ ዘይት ጠብታ ይደረግ፣ በሁለት ቁልፍ ይጠበቅ። 1/4 ኢንች ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ 3/8 ከ34 እስከ 42፣ 1/2 ከ49 እስከ 61። ከዚህ ያለፈ ጉልበት መዳቡን ይሰነጥቃል፣ ኮይሉም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ቫክዩም (አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ከቱቦው ማውጣት) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጻሕፍት መርፌው 30 ኢንች ሜርኩሪ ጋ ይድረስ ይላሉ፤ ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ ፓምፕ የሚያደርሰው 24 ገደማ፣ ደሴ ላይ 22 ገደማ ነው። ፓምፑ አልተበላሸም፤ የከባቢው አየር ግፊት ራሱ ያነሰ ነው። በማይክሮን (በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ) የሚለካ ጌጅ ይህን ችግር አያውቅም፤ 500 ማይክሮን ደርሶ ፓምፑ ሲዘጋ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ1000 ካላለፈ ደርቋል። ጌጁ ከሌለ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሥራ።

ጋዙ በሚዛን ይሞላ፣ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ግራም። ቱቦው ከተፈቀደው በላይ ከረዘመ በየሜትሩ ብዙ ጊዜ 20 ግራም ገደማ ይጨመራል፤ የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቀደም። አር-410ኤ ድብልቅ ስለሆነ በፈሳሽነቱ ይሞላል። በግፊት ሲያረጋግጡ አር-410ኤ በኮይሉ ውስጥ በ4.4 ዲግሪ ሲፈላ በባህር ጠለል 118 ፒኤስአይ የሚለው ሰንጠረዥ ኮምቦልቻ ላይ 121 ገደማ፣ ደሴ ላይ 122 ገደማ ይሆናል። ለአር-22 የሚለው 68 ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ 71፣ ደሴ ላይ 72 ይሆናል።

የተሞላውን ግራም፣ ቀኑንና የገባና የወጣ አየር ሙቀቱን በውስጥ ክዳኑ ላይ በማይለቅ ማርከር ይጻፉ። በዓመቱ ጋዝ ጎደለ ከተባለ የቀረው ወጥቶ ይመዘን፤ ስንት ግራም እንደጠፋ ሲታወቅ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ይቀላል።