ቴራፎርም የሰው ፈቃድ ሲነጥቅብኝ

በአማዞን ክላውድ ላይ ያሉንን የአይኤኤም ፖሊሲዎች (ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስኑ የፈቃድ ሕጎች) የምናስተዳድረው በቴራፎርም ነው፤ የክላውድ ቅንብርን በኮድ ጽፈን የምናስፈጽምበት መሣሪያ ነው። ሰሞኑን አንድ ነገር ራሴን ሲያዞረው ከረመ። አፕላይ ባልኩ (ኮዱን ባስፈጸምኩ) ቁጥር የሌላ ቡድን ሰርቨር ወደ ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) መጻፍ ያቆማል፤ «አክሰስ ዲናይድ» ይላል። እነሱ በኮንሶል (በአማዞን ድረ ገጽ) ገብተው ፖሊሲውን ሮላቸው (ሰርቨሩ ፈቃድ የሚያገኝበት መለያ) ላይ መልሰው ያያይዙታል። እኔ ደግሞ አፕላይ እላለሁ፤ ይነቀላል። ድመትና አይጥ ሆንን።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰው ነበር። በኋላ አፕላይ ምን እንደሚቀይር አስቀድሞ የሚያሳየውን የፕላኑን ውጤት ረጋ ብዬ ሳነብ፣ «ሮልስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ከእነሱ ሮል ፊት የመቀነስ ምልክት ቁጭ ብላለች።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የተጠቀምኩት «ኤደብሊውኤስ አይኤኤም ፖሊሲ አታችመንት» የሚባለውን ሪሶርስ (በቴራፎርም ኮድ ውስጥ አንድ የክላውድ ነገር የሚገለጽበት ክፍል) ነው። ይሄ በአካውንቱ ሙሉ ፖሊሲውን ብቻዬን ልያዘው ባይ ነው። ኮዱ ውስጥ ያልተጻፈ ሮል፣ ዩዘር ወይም ግሩፕ ካገኘ ያላቅቀዋል። ዶክመንቴሽኑ ያስጠነቅቃል፤ ማን ያነባል እንጂ!

መፍትሄው «ኤደብሊውኤስ አይኤኤም ሮል ፖሊሲ አታችመንት» ሆነ። «ሮል» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት ልዩነቷ። አንድን ሮል ከአንድ ፖሊሲ ጋር ያያይዛል፣ ሌላውን አይነካም።

ግን አሮጌውን ከኮዱ ሰርዛችሁ ዝም ብላችሁ አፕላይ እንዳትሉ፤ የተያያዘውን ሁሉ ይነቅለዋል። እኔ በቅድሚያ በ«ስቴት አርኤም» ትዕዛዝ ከስቴቱ (ቴራፎርም የሚያስተዳድረውን ከሚመዘግብበት ፋይል) አወጣሁት። ከዚያ አዲሱን ኢምፖርት አደረግኩ (ቀድሞ ያለውን ግንኙነት ወደ ስቴቱ አስገባሁ)፤ መለያው የሮሉ ስም፣ ስላሽ፣ ቀጥሎ የፖሊሲው ኤአርኤን (በአማዞን ላይ ያለው ሙሉ መለያው) ነው። ፕላን ስል «ኖ ቼንጅስ» (ምንም ለውጥ የለም) አለኝ።

ለእነዚያ ልጆች የማኪያቶ ዕዳ አለብኝ።