ከራይት ወንድማማቾች ልንማር ሲገባን የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ለአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኞች የበረራን መሠረታዊ ትምህርት ማስተማር ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ወጣቶቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ስህተታቸው ግን ያው ነው፣ አንዳንዱንም የወረሱት ከእኔው ነው።

ትዕግሥቴን ከሁሉ አብልጦ የሚፈታተነው «ዋናው ሞተሩ ነው» የሚለው እምነት ነው። ከፎምና ከቀጭን እንጨት ሞዴል እንዲሠሩ ሳዛቸው የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ አንዱ ክንፍ ሲዘነብል በምን እንደሚመለስ የሚጠይቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ አንድ ቡድን ከመደርደሪያው የበረታውን ሞተር መርጦ የገጠመለት ሞዴል ከእጅ እንደተለቀቀ በጎኑ ተገልብጦ አፈር ላይ ሲተከል፣ የቡድኑ መሪ ምንም ሳያፍር የባሰ ጉልበተኛ ሞተር እንዲገዛላቸው ጠየቀኝ።

ለእርሱ የነገርሁት የሳሙኤል ላንግሌይን ታሪክ ነው። ላንግሌይ የስሚዝሶኒያን ተቋም ኃላፊ የነበረ የተከበረ ሊቅ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር መድቦለት፣ 52 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ለዘመኑ ድንቅ የሆነ ሞተር ተሠርቶለት ነበር። አብራሪው ቻርልስ ማንሊ ሞተሩን ለዚህ ያበቃው ሰው ራሱ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት በተንሸራታች (ሞተር በሌለው አውሮፕላን) እንኳ በርሮ አያውቅም። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1903 ኦክቶበር 7 እና ዲሴምበር 8 ሁለት ጊዜ ተወንጭፎ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። ከሁለተኛው ውድቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ በኖርዝ ካሮላይና አሸዋ ላይ የተነሣው የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ግን የብስክሌት ሱቃቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ያህል የሠራውን 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይዞ ነበር። ዊልበርና ኦርቪል ሞተር ከመግጠማቸው በፊት አያያዙን ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 ዊልበር ባዶ የካርቶን ሣጥን በእጁ ሲጠመዝዝ፣ የክንፍን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ በማጣመም የአውሮፕላንን ዝንባሌ መቆጣጠር እንደሚቻል ተረዳ፤ በ1902 ደግሞ ሞተር አልባው ተንሸራታቻቸው ላይ የሚንቀሳቀስ የኋላ መሪ ጨምረው በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተንሸራተውበታል።

ሁለተኛው ስህተት የእኔም ነው። በክንፉ ጀርባ ላይ የሚያልፈው አየር መንገዱ ስለሚረዝምበት፣ ከታች ካለው ጋር እኩል ለመድረስ ሲል ይፈጥናል ብዬ ለሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። አንዲት ሠልጣኝ «ታዲያ አውሮፕላን ተገልብጦ እንዴት ይበራል?» ስትለኝ ነገ እንመለስበታለን ብዬ አለፍሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የላይኛውን አየር እኩል እንዲደርስ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ እንዲያውም ቀድሞ ይደርሳል። ክንፍ የሚያነሣው አየሩን ወደ ታች ስለሚመልስና ከላይ ያለው ግፊት ከታችኛው ስለሚያንስ ነው። የራይቶች ክንፍ ራሱ ስስ ስለነበር የላዩና የታቹ ርዝመት እምብዛም አይለያይም ነበር።

የታተመ ቁጥርን ሳይለኩ ማመንም አለ። የራይቶች የ1901 ተንሸራታች በስሌት ከተጠበቀው የማንሣት ኃይል የሰጠው ሲሶውን ያህል ብቻ ነበር። ወንድማማቾቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት የጀርመናዊውን የተንሸራታች በራሪ የኦቶ ሊሊየንታልን የክንፍ ማንሣት ኃይል ሠንጠረዥ ቢሆንም፣ ዋናው ጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የስሚተን ቁጥር (የነፋስን ኃይል ለማስላት የሚያገለግል ቁጥር) ነበር፤ 0.005 እየተባለ ሲሠራበት የኖረው እነርሱ ሲያሰሉት 0.0033 ገደማ ሆነ። ከዚያም የራሳቸውን ልኬት ለማግኘት ከእንጨት በሠሩት የነፋስ ዋሻ (አየር በሚነፋበት ሣጥን) ውስጥ፣ ከብስክሌት ቀጭን ሽቦና ከብረት መጋዝ ስለት በሠሩት ሚዛን ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑ።

በራይቶች የመጀመሪያ፣ በ36.5 ሜትሯና በ12 ሰከንዷ በረራ የሚስቅ ሠልጣኝ የመሬትን ፍጥነት ከአየር ፍጥነት ጋር ያምታታል፤ አውሮፕላኑ በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሄደ፣ በአየሩ ውስጥ ያለፈው ከ160 ሜትር በላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ በራሪ ሰዎች ራይቶች ናቸው የሚልም አለ፤ ባሉን በ1783 ሰው ይዞ እንደተነሣ ማስታወስ ይበቃዋል።

ደግሞም የቆመ አውሮፕላን ይታሰር። እኔ በጀማሪነቴ ባለ ሁለት መቀመጫዋን አውሮፕላን ሳላስር ትቼ ሻይ ልጠጣ ሄጄ፣ ስመለስ ነፋስ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ አዙሮት አግኝቻለሁ። ራይቶችም በዚያ በመጀመሪያው የበረራ ቀን አራተኛውን፣ የ59 ሰከንዱንና የ260 ሜትሩን በረራ ጨርሰው ቆመው ሲነጋገሩ፣ ድንገተኛ ነፋስ አውሮፕላኑን ገለበጠው። የመጀመሪያውን በረራ ዝነኛ ፎቶግራፍ ያነሣው ጆን ዳንኤልስ ሊይዘው ሲሮጥ ከነአውሮፕላኑ ተንከባለለ፤ እርሱ ተላልጦ ተረፈ፣ አውሮፕላኑ ግን ከዚያ ወዲያ አልበረረም።