መደብ ስትደለድሉ አፈሩን ከቆርቆሮ አጥር እንዴት ታርቃላችሁ?

የግቢያችን የጀርባ አጥር ቆርቆሮ ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ የተመታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምታዩት ዓይነት። ግቢው ወደ አጥሩ ያዘቀዝቃል። የጎመን መደብ ለማውጣት ስንነሳ ከላይ ቆፍረን ወደ ታች ገፋን፣ አፈሩም አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ደልዳላ፣ ሲያዩት ደስ የሚል መደብ ሆነ። ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ አንድ ጥቅምት ላይ ቆስጣ ልዘራ ስኮተኩት የአካፋው ጫፍ ቆርቆሮውን ነካ አደረገውና እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። በጣቴ ብጫነው ጣቴ ወደ ጎረቤት ግቢ አለፈ። ከላይ ያለው ግን ገና ያብለጨልጫል። የተበላው አፈር የነካው 40 ሴንቲ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ አፈሩ የራሱ ግድግዳ ይኑረው፣ አጥሩን አይንካ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። ዝናብ መትቶት ፀሐይ ሲያደርቀው ብዙ ዓመት ይቆያል። እርጥብ አፈር ከተደገፈበት ግን የሚደርቅበት ጊዜ የለውም፤ ፍግና ማዳበሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ጨዋማው እርጥበት ዝገቱን ያፋጥነዋል። ክብደቱም አለ። 4 ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና 30 ሴንቲ ከፍታ ያለው መደብ 1.8 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል፣ ውሃ ሲጠጣ ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ያ ሁሉ ባይሆንም የተወሰነው ቆርቆሮውን ይገፋል፣ ቋሚውን ያዘማል። የአፈሩ ከፍታ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ «ትንሽ ልጨምርበት» ስትሉ ይህን አስቡ።

ሥራው በበጋ ይሁን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሰኔ በፊት።

መጀመሪያ ልኩን እወቁ

በዓይን አትገምቱ፣ ዓይን ያታልላል። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ግዙና ውሃ ሙሉበት፣ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት። አንድ ችንካር አጥሩ አጠገብ፣ ሌላውን መደቡ በሚያልቅበት በላይኛው በኩል ትከሉ። የቱቦውን ሁለት ጫፎች ችንካሮቹ ላይ አስጠግታችሁ ውሃው ሲረጋ ምልክት አድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ሲባጎ ወጥሩ። አሁን ከሲባጎው እስከ መሬት በሁለቱም በኩል ለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት መሬቱ የሚያዘቀዝቀው ነው።

ልዩነቱ 10 ሴንቲ አካባቢ ከሆነ ግድግዳ አያስፈልግም፣ መደቡን ከአጥሩ አርቆ መሥራት ብቻ ይበቃል። እስከ 40 ሴንቲ ከሆነ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ወይም ብሎኬት ይዘዋል። ከ50 ካለፈ በአንድ ግድግዳ ለመያዝ አትሞክሩ፣ ሁለት እርከን አድርጉት ወይም ግንበኛ ጥሩ።

አጥሩን ነፃ አውጡት

አጥሩን የነካውን አፈር ሁሉ ወደ ኋላ ሳቡ። የቆርቆሮው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 10 ሴንቲ ያህል ከፍ ቢል ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ጠርዙ የተቆረጠ ስለሆነ ብረቱ ዚንክ የለውም። ቋሚዎቹ ሥር ግን ዶማ አታስገቡ፤ የቋሚው ሥር ከላላ አጥሩ በመጀመሪያው ነፋስ ይወድቃል። እዚያ በእጃችሁ ጥረጉ።

ከዚያ ቆርቆሮውን በደረቅ መጥረጊያ አጽዱ። የዛገ ካለ በብረት ብሩሽ ፈግፍጉት፣ ግን የዛገውን ብቻ። ደህናውን ከፈገፈጋችሁት ዚንኩን ራሳችሁ አነሳችሁት ማለት ነው። አቧራውን አራግፋችሁ አንቲራስት ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ የመጀመሪያው በደንብ ይድረቅ። የተበሳው አይቀባም፣ ይቀየራል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ላስቲክ ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ አፈሩን ይመልሰዋል። እኔ አልመክርም። በላስቲኩና በቆርቆሮው መካከል ውሃ ይገባል፣ ከገባ አይወጣም፣ ቆርቆሮው ተሸፍኖ ስለሆነ የሚዝገው ደግሞ አታዩትም።

ክፍተት ተዉ፣ ከዚያ ካቡን ሥሩ

ከአጥሩ 30 ሴንቲ ራቁ። መሬት ይባክናል የሚል ይኖራል፣ አውቃለሁ፣ ግቢው ጠባብ ሲሆን 30 ሴንቲ ያሳሳል። ግን መጥረጊያና እጅ የማይገባበት ክፍተት ቅጠልና አፈር ይሞላውና ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ድንጋይ ካላችሁ ካብ ይሻላል፣ ውሃ ያሳልፋልና። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ትልልቁን ድንጋይ ከታች አስቀምጡ። የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለቱን መገጣጠሚያ ይሸፍን፣ ካቡም ወደ አፈሩ በኩል ትንሽ ይዘንበል። ኮንሶዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእርከን ምድራቸውን ያለ ሲሚንቶ ነው የካቡት፣ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ካብ አለበት። ለእኛ 40 ሴንቲ ይበቃናል።

በብሎኬት ከሆነ ግን ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። በየሜትሩ አጭር ቁራጭ ቱቦ ከታች አስገቡ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ እሱም ዚንክ ይበላል።

ከካቡ ጀርባ፣ በአፈሩ በኩል፣ 15 ሴንቲ ውፍረት ጠጠር ሙሉ። መረሬ አፈር እዚህ እንዳትመልሱ! ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ካቡን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየገፋ ይጥለዋል። በካቡና በአጥሩ መካከል ያለችውን ክፍተት ደግሞ ወደ አንድ ጎን ዝቅ አድርጓት፣ በሜትር 1 ሴንቲ ይበቃል። ውሃው ወደ ግቢያችሁ ቦይ ይውጣ። ወደ ጎረቤት አትልቀቁት። አጥሩ የጋራ ከሆነ እንዲያውም ሥራ ሳትጀምሩ አንኳኩና ንገሩ፣ ምናልባት በእነሱም በኩል አፈር ተደግፎበት ይሆናል።

አሁን ደልድሉ

ከላይ ያለውን 15 ወይም 20 ሴንቲ ለም አፈር ለብቻ ቆልሉ፣ ይህ እንዳይቀበር። ከሥር ያለውን አፈር ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው አምጡ፣ በአንዴ ሳይሆን 15፣ 15 ሴንቲ እያነጠፋችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁና እየረገጣችሁ። ለሙን አፈር መጨረሻ ላይ መልሱ፣ እሱ አይረገጥም። ቀጥ ባለ ጣውላ ጥረጉትና ላዩን ከአጥሩ ርቆ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ፣ በሜትር 2 ሴንቲ። ካቡ ከአፈሩ 5 ሴንቲ ከፍ ይበል፣ ዝናብ ሲመታ አፈሩ ተረጭቶ ወደ ክፍተቷ እንዳይገባ። ፍግ፣ ኮምፖስትና አመድ በመደቡ በላይኛው በኩል ይቆለል፣ በአጥሩ በኩል አይሁን።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ዣንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚሄድ እዩ። አጥሩ ሥር ከተኛ ክፍተቷን በማግስቱ አስተካክሉ፣ አፈሩ ገና ለስላሳ ነውና በአካፋ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የወደቀውን ቅጠል ጥረጉት።