የጓሮ አትክልትን በፍሪዘር ለበጋ ማቆየት

የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ በሐረር ጓሮዎች ጎመኑ፣ ካሮቱና ፎሶሊያው በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ ቤተሰብ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ ይተርፋል። ፍሪዘር ያለው ቤት ይህን ትርፍ ለበጋ ሊያቆየው ይችላል፤ ነገር ግን ጥሬውን በፌስታል ቋጥሮ መክተት ብቻ አይበቃም። ቅዝቃዜ በአትክልቱ ውስጥ ያሉትን ኢንዛይሞች (ቀለሙንና ጣዕሙን የሚለውጡ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮች) ያዘገያቸዋል እንጂ ሥራቸውን ጨርሶ አያስቆምም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ያልተነከረ ጎመን ወራት ሲያልፉ ቀለሙም ጣዕሙም ይበላሻል።

አትክልቱ በተቀጠፈበት ዕለት ታጥቦ ይከተፋል። ለግማሽ ኪሎ አትክልት 4 ሊትር ያህል ውሃ ይፈላል፤ ውሃው ከበዛ አትክልቱ ሲገባበት እምብዛም ስለማይቀዘቅዝ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይፈላል። ጎመንና ፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ የተከተፈ ካሮት 2 ደቂቃ ይበቃቸዋል፤ ደቂቃው የሚቆጠረው ውሃው ዳግም ከፈላ በኋላ ነው። ይህ ልክ ለድሬዳዋ እንዳለ ይሠራል። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃዋ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ሁሉ በእያንዳንዱ ላይ 1 ደቂቃ መጨመር ይገባል።

አትክልቱ ከድስቱ እንደወጣ በረዶ በገባበት ውሃ፣ በፈላው ውሃ የቆየውን ያህል ጊዜ ይነከራል። በድሬዳዋ ሙቀት የቧንቧ ውሃ ብቻውን ስለማያቀዘቅዘው በረዶውን ከዋዜማው ማዘጋጀት ግድ ነው። ከዚያም ተጠንፍፎ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ይህን ደረጃ በችኮላ ማለፍ አይገባም፤ የቀረው እርጥበት በረዶ ሆኖ አትክልቱን እርስ በርስ ያጣብቀዋልና። በትሪ ላይ ሳይደራረብ ተዘርግቶ እስኪጠነክር ፍሪዘር ውስጥ ይቆይና ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ መጠን በፌስታል ተከፋፍሎ፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ፣ ቀኑ ተጽፎበት ይታሰራል።

ቃሪያ በፈላ ውሃ መነከር አያስፈልገውም። ቲማቲምም ጥሬውን ሙሉውን ይቀመጣል፤ በረዶው ሲለቀው ስለሚለሰልስ ግን ለወጥ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም።

የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ ሳይከፈት የቆየ ሙሉ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የተሞላው ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል። መብራቱ ሲመለስ የበረዶ ቅንጣት ያልለቀቀው አትክልት እንደገና ሊቀዘቅዝ ይችላል።