ነጩ ቁጥር ለምን አብለጨለጨ?

በ1፡35 ልኬት የሠራኋትን የሶቪየት ቲ-34-85 ታንክ ሞዴል ቀብቼ ጨረስኩ። ቀፎዋ ስንዝር አይሞላም። ቱሬቷ (መድፉን የያዘው የሚዞረው ክፍል) ላይ ነጩን ቁጥር ለጠፍኩ። ሲደርቅ ዙሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት አብለጨለጨ። ጉድ!

ጥፋቱ የኔው ነው። ማት (የማያንጸባርቅ) ቀለም ለዓይን ልስልስ ይምሰል እንጂ ሸካራ ነው። በውሃ የሚለጠፈው ስስ ተለጣፊ ሥር አየር ይቀራል፤ የሚያብለጨልጨውም እሱ ነው። ልላጠው አልኩና ተውኩት። በቀጭን መርፌ አሥር ቦታ ያህል ወጋጋሁት። ከዚያ የተለጣፊ ማለስለሻውን ፈሳሽ በብሩሽ ጫፍ ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው ተጨማደደ፤ ልቤ ቀጥ አለ። ግን አልነካሁትም። ጠዋት ሳየው ቀለሙ ላይ ልጥፍ ብሏል። ሁለት ግትር ቦታ ስለቀረ ደገምኩት፤ ከላይ ማት ቫርኒሽ ነፋሁበት።

በሌላኛው ጎን ቀድሜ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ለጠፍኩ። መርፌም አላስፈለገ።